በሞቴ

ወንድ ልጅ ጓዳ ገብቶ ዳቦ ሲጋግር ያየ የአንኮበር ሰው ሁለት ነገር ብቻ ያስባል፤ ወይ ሚስቱ ጥላው ሄዳለች፣ ወይ አእምሮውን ነክቶታል። የእኔ ሚስት ጥላኝ አልሄደችም፤ መደቡ ላይ ተኝታ እጄን ታይ ነበር። ስለዚህ ጎረቤቱ ሁሉ አእምሮውን ነካው አለ። አልፈርድባቸውም። ሊጥ እስከ ክርኔ ተለጥፎብኝ፣ ቅንድቤ አመድ ለብሶ ደጃፍ ላይ ብቅ ስል፣ እኔም ራሴን መንገድ ላይ ባገኘው እሸሸው ነበር።

ሥራዬ ጽሕፈት ነው። ብራና ፍቄ፣ ቀለም በጥብጬ፣ ዳዊት እየገለበጥኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከማግባቴ በፊት ዲያቆን ሳለሁ በቤተ ክርስቲያኑ ቤተ ልሔም የቅዳሴውን ኅብስት ጋግሬአለሁ። በእኛ አገር ወንድ ቢጋግረው የማይሳቅበት ዳቦ እሱ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ እጄ ሊጥ ነክቶ አያውቅም። ገብስንም ቢሆን የማውቀው አሳርሬ ከጥላሸት ጋር ለቀለም ስወቅጠው ነው። እህል በየት ገብቶ በየት ወጥቶ ምግብ እንደሚሆን አልጠየቅሁም፤ ሚስት ነበረችኝ።

ሚስቴ ጠጅ ጣይ ነበረች። የንጉሡ ግቢ አንኮበር ሳለ በትልቁ ጠጅ ቤት ከሚጥሉት ሴቶች አንዷ ነበረች፤ ግቢው ወደ እንጦጦ ሲነሳ እሷ በእኔ ምክንያት ቀረች፤ እኔ ደግሞ ከደብሬ አልነቀልም ብዬ ነው። እዚያው ለቀሩት ሹማምንት መጣል ቀጠለች። ማሩን በእጇ ትበጠብጣለች፣ ብርዙን በምላሷ ትለካለች። ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ይባል የለ፣ የእሷም ንግግር እንደዚያው ነበር። እግዚአብሔር ልጅ አልሰጠንም፤ ስለዚህ ደግነቷ ሁሉ በጎረቤት ላይ ፈሰሰ። የመጣውን ሁሉ «በሞቴ ብላ፣ በሞቴ ጠጣ» ሳትል አትሸኝም። ሌላው «በሞቴ» ሲላት ደግሞ እምቢ ማለት አታውቅም። ሰው ሞቱን ጠርቶልሽ እንዴት ፊት ትነሺዋለሽ ትል ነበር።

ሕመሟ የጀመረው በመብላት ነው። የሦስት ሰው እህል ትበላለች፣ አንድ እንስራ ውሃ ከቀትር በፊት ትጨርሳለች። እኔም እንደ ልማዴ አላገጥኩ። «ከቆላ ነጋዴ ግመል የገዛሁ እንጂ ሚስት ያገባሁ አልመሰለኝም» አልኳት። ሳቀች። ነገር ግን የበላችው ሁሉ የት እንደሚገባ አልታወቀም። ነጠላዋ ከትከሻዋ ይንሸራተት ጀመር። አንድ ቀን ማር ስትበጠብጥ የብር አምባሯ ከእጇ ሾልኮ ጋኑ ውስጥ ገባ፤ ሠርጋችን ዕለት በሳሙና እንኳ በግድ የገባ አምባር ነው። አውጥታ አጥባ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲያ አላጠለቀችውም።

«ኮሶ ነው» አሉ ጎረቤቶች። ማን ይጠራጠራል? የሚበላ፣ የማይጠግብ፣ እየበላም የሚከሳ ሰው ኮሶ ይዞታል፤ ይህን ሕፃን ያውቃል። እኔም አወቅሁ። ራሴ ኮሶውን ወቀጥኩ፣ ራሴ በጠበጥኩ፣ አፏ ላይ ያዝኩላት። የሚጠይቃት ሲመጣ ደጃፍ ላይ ቆሜ «ኮሶ ጠጥታለች» እያልኩ መለስኩ። ምንም አልወጣላትም። ስለዚህ መጠኑ አንሷት ነው ብዬ በዚያው ወር ደግሜ፣ አብዝቼ አጠጣኋት። ሦስት ቀን ራሷን ሳታነሣ ተኛች። ትል አልነበረባትም። የነበራትን ጥቂት ጉልበት ግን በገዛ እጄ አጥቤ አወጣሁት።

ጉንዳኑን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ከጓሮ፣ ከእንዶዱ ሥር፣ ሚስቴ ለሽንት ከምትወጣበት ቦታ ላይ ጉንዳን ተሰልፏል። መሬቱ ጠቁሯል። መጀመሪያ ማር የፈሰሰ መሰለኝ። በማግስቱም እዚያው ነበር፣ በሦስተኛውም ቀን። መተት ነው ብዬ ፈራሁ፤ ክታብም ጻፍኩላት። ለሌላ ሰው ስጽፍ አንድ ፊደል የማልስት ሰው ለእሷ ስጽፍ ሁለት ፊደል አበላሽቼ ፋቅሁ።

ለቀለም የሚሆነኝን ሙጫ ልገዛ ወደ አልዩ አምባ ገበያ ስወርድ፣ ቅመምና ሥራ ሥር የሚሸጡ አንድ አረጋዊ አርጎባ አገኘሁ። ጢማቸው በሂና ቀልቷል። ስለ ጉንዳኑ ሳወራቸው ሚዛናቸውን አስቀመጡ።

«ውሃ ትጠጣለች?»

«እንስራ ሙሉ።»

«እየበላች ትከሳለች?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«አላህ ይማራት» አሉ። «ሽንቷ ማር ሆኗል። የምትበላው ሰውነቷ ውስጥ አይቀመጥም፤ በወንፊት እንደ ፈሰሰ ውሃ ያልፋል።»

«መድኃኒቱስ?»

«ሺፋው ከአላህ ነው። እኔ የማውቀው የሚከለከለውን ብቻ ነው፣ ልጄ። ማር አይንካት። ብርዝ፣ ጠጅ፣ ነጭ የስንዴ ዳቦ ሁሉ ይቅርባት። ገብስ ከነገለባው አስፈጭላት። አብሽ ጨምርበት፣ ምሬቱን አታውጣው። ተልባም ጨምር። በመዳፍ ልክ ጋግረህ ጠዋት አንድ፣ ቀን አንድ፣ ማታ አንድ ስጣት። ወላሂ፣ እናቴን ያቆየኋት በዚህ ነው።»

«ስንት ዘመን ቆዩ?»

ሚዛናቸውን መልሰው አነሡ። «አላህ የፈቀደላትን ያህል» አሉኝ።

ለጠጅ ጣይ ማር መከልከል ለጸሐፊ ዓይን እንደ መከልከል ነው። ሥራዋን አስተዋት ዘንድ ጋኖቹን ደፍቼ ከጓሮ ደረደርኳቸው። እሷ አልተቃወመችም፤ «እንግዲህ የሚጋግረው ማን ነው?» ብቻ አለች። መቆም አትችልም ነበር። ዘመዶቿ ሩቅ ናቸው፣ ከደብረ ብርሃን ወዲያ። ጎረቤት ቢጋግር ደግሞ አዝኖላት ማር ጠብ ሊያደርግበት ነው። ስለዚህ እጅጌዬን ሰብስቤ ጓዳ ገባሁ።

የመጀመሪያውን ቀን ዳቦ ውሻችን አሽትቶ ተወው። ገብስ እንደ ስንዴ አይነፋም፤ ያስቀመጥከው ቦታ ላይ ይቀመጣል። ከላይ እሳት ከታች እሳት መሆኑን ረስቼ የታቹን ብቻ አነደድኩ፤ ሥሩ ከሰል፣ ላዩ ሊጥ ሆነ። ሚስቴ ከመደቡ ላይ ሆና ሳቀች፤ ከሳቋ ብዛት ጎኗን ያዘች። «አንቱ፣ ይኸ እኮ ቀለም ነው፣ ዳቦ አይደለም። ውሃ ጨምረው ይጻፉበት» አለችኝ። በጋብቻችን ዘመን ሁሉ አንቱ ነበር የምትለኝ፤ ስትቀልድብኝም አንቱ ብላ ነው።

እሷ እየነገረችኝ ተማርኩ። ገብሱን ከነገለባው አስፈጫለሁ። አብሹን ፈጭቼ ዱቄቱን እቀላቅላለሁ። ተልባውን ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ ለብ ባለ ውሃ አላቁጬ እጨምረዋለሁ፤ እሱ ነው የገብሱን ብትን የሚያያይዘው። ጨው፣ ትንሽ ጥቁር አዝሙድ፣ ካለፈው ሊጥ የተረፈ እርሾ። ከዚያ እንደ ቡሄ ሙልሙል በመዳፌ አድቦልቡዬ በኮባ እጠቀልላቸዋለሁ፣ ከታች ፍም ከላይም ፍም። በሦስተኛው ሳምንት የኮባው ጠረን ከአዝሙዱ ጋር ሆኖ ቤቱን ሲሞላው «አሁን ዳቦ ሆነ» አለች። ስታኝከው ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር። የአብሹን ምሬት ፊቷ ላይ እንዳላይባት መሆኑን የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ያም ሆኖ ሠራ። እውነቱን ለመናገር፣ ሠርቶ ነበር። እንስራው እስከ ማታ ይቆይ ጀመር። ከእንዶዱ ሥር የነበረው ጉንዳን ተበተነ። እሷም በትር ይዛ እስከ አጥሩ ድረስ ሄደች። እኔም ሰው አየኝ አላየኝ ሳልል ሙልሙሌን እየጋገርኩ፣ ሲስቁብኝ እየሳቅሁ፣ አንድ ወር ተኩል ያህል ሚስቴን አዳንኩ ብዬ ኖርኩ። እንደዚያ ያለ ደስታ ከዚያ በኋላ አላየሁም፤ አሁንም አልፈልገውም።

ከዚያ አንድ ቀን ጓሮ ስወጣ ጉንዳኑ ተመልሷል።

እህሉን ጠረጠርኩ። ወፍጮውን ጠረጠርኩ። የቆላውን አርጎባ ሽማግሌም ሰደብኳቸው፣ በሌሉበት። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ከልማዴ ቀድሜ፣ ፀሐይ ገና ሳትበረታ ተመለስኩ። ሚስቴን ክርስትና ያነሧት ሴትዮ፣ የድሮዋ የጠጅ ቤት አለቃ፣ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ ነጭ የስንዴ ሙልሙል አለ፤ ማሩ ከጣታቸው ላይ ይንጠባጠባል። ጉርሻውን አፏ ላይ ይዘው «በሞቴ! አፈር ስሆን! ይቺን ብቻ!» ይላሉ። ሚስቴም አፏን ከፈተች። እንግዳ በመጣ ቁጥር እንዲሁ ሲደረግ እንደ ሰነበተ ያን ጊዜ አወቅሁ። በእኔ ሙልሙልና ሙልሙል መካከል ከተማው ሁሉ ማር ሲያጎርሳት ከርሟል።

«ምን እያደረጉ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ሰማንያ ሊሞላቸው በደረሰ ሴት ላይ ጮኽኩ።

«አንተ ነህ እንጂ ምን የምታደርግ!» አሉኝ። «ልጄን በገብስ ልትገድላት ነው? ለበቅሎ የሚሰጥ እህል! ማር ሰው ገድሎ ያውቃል?»

ወደ ሚስቴ ዞርኩ። «አንቺስ? አፍ የለሽም እምቢ የምትይበት?»

«በሞቴ እያሉኝ ምን ልበል?» አለች። «ሰው ሞቱን ጠርቶብኝ እምቢ ልበል?»

ንዴቴ ከጥንትም ክፉ ነው። ያን ዕለት ግን ፍርሃትም ነበረበት። «በሞቴ ከሆነማ እኔም አለሁ!» አልኩ። «በሞቴ! ከዛሬ ጀምሮ ማር የነካው ነገር ከአፍሽ ቢገባ፣ እኔን ቅበሪኝ!»

ሚስቴ አፏ ውስጥ የነበረውን ጉርሻ መዳፏ ላይ አወጣችው። ያላኘከችው ነበር። ክርስትና እናቷ አማትበው ተነሡና ሳይሰናበቱኝ ሄዱ። «ይኸን ቃል ለምን አወጡት?» አለችኝ ሚስቴ፣ ቀስ ብላ። «ብራና ይፋቃል። አፍ እኮ አይፋቅም።»

ከዚያ በኋላ ማንም አላጎረሳትም። ሺህ ጊዜ በሞቴ ቢሏት ራሷን ነቀነቀች፤ የእነሱ በሞቴ ከእኔ በሞቴ አነሰ። እኔም ደስ አለኝ። ኮራሁም እንጂ። ለራሴ ይቅር የማልለው አንድ ነገር ቢኖር ኮሶው አይደለም፣ ይኸ ኩራት ነው።

ክረምቱ ገባ። ጉሙ ከሸለቆው እየወጣ በደጃፍ ይገባል፣ ገብሱ ይረጥባል፣ ፍሙ ይጨሳል። እኔ ሳላቋርጥ እጋግራለሁ። ጠዋት አንድ፣ ቀን አንድ፣ ማታ አንድ። እሷም ሳታቋርጥ ትከሳለች። ዳቦውን አሳነስኩት፣ አብሹን አበዛሁት፣ ተልባውን አበዛሁት። ዓይኗ ደከመ፤ የጻፍኩትን ሳሳያት «ቆንጆ ነው» ትላለች፣ ብራናውን ዘቅዝቄ ብይዘውም። እግሯ ላይ የወጣ ቁስል አልደርቅ አለ። ለቡሄ ከተማው ሁሉ ሲጋግር የስንዴውና የማሩ ሽታ በአጥሩ ላይ ዘልሎ መጣ። «ደጃፉን ይክፈቱልኝ፣ ላሽትተው» አለችኝ። ከፈትኩላት። እስኪመሽ ድረስ ወደ ደጃፉ ዞራ ተቀመጠች።

ከመስቀል በኋላ አንድ ጠዋት ላቀናት ጎንበስ ስል ትንፋሿ ሸተተኝ። የሚያውቀው ያውቀዋል፤ ጠጅ መፍላት ሲጀምር ከጋኑ አፍ የሚወጣው ሽታ ነበር። ደሜ ፈላ። ጋኖቹን ሮጬ አየኋቸው፤ ባዶ ናቸው፣ ሸረሪት አድርቶባቸዋል። ተመልሼ «ማን አጠጣሽ?» አልኳት። «ጠጅ ጠጥተሻል! ትንፋሽሽ ይናገራል!»

አየችኝ፤ ወይም ድምፄ ወደ መጣበት አየች። «እኔ?» አለች። «በሞትዎ ላይ?»

እኔም ይቅርታ አልጠየቅኋትም፤ ሽታው ከእውነት በላይ እርግጥ መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን መናገር እየተሳናት መጣ። ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ጆሮዬን ሳስጠጋ ማር ትሰፍር ነበር። «አንድ እጅ ማር፣ ሦስት እጅ ውሃ... ጌሾው ይቆይ... ቅመሱት እስቲ...» ገብስና አብሽ በቃኝ። ልትሞት ነው፣ በአፏ ውስጥ ምሬት ይዛ ልትሞት ነው፣ ያንን ምሬት ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ወደ ንስሐ አባታችን ሮጥኩ፤ ቃሉን ይፍቱልኝ ብዬ። አባ ሰሙኝ። «ግዝት ቢሆን እፈታው ነበር» አሉ። «አንተ ግን የጠራኸው ሞትህን ነው። እሱን ያሰረ አፍ ይፍታው፣ እሷ ከተቀበለችህ።» ከዚያ ወደ ክርስትና እናቷ ቤት ሄድኩ። ደጃፍ ላይ ቆሜ አፌን ሳልከፍት አወቁ። ከትኩስ ሙልሙል አንድ ሰጡኝ፣ ማር አፍስሰውበት። እሳቸውም አብረውኝ መጡ። ቀትር ነበር፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ሰው ሁሉ ከማሳው ነው።

ቁራሽ ቆርሼ ከንፈሯ ላይ አደረግሁት። «ብይ» አልኳት። «ፈትቼሻለሁ። ቃሌን አንሥቻለሁ። ብይ።»

ሽታው ደረሳት። አፍንጫዋ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ምራቋን ዋጠች። ከንፈሯን ግን ገጠመች።

«በሞቴ ብይ!» አልኳት። አለቀስኩ። «በሞቴ!»

ዓይኗን ከፈተች። «የትኛውን በሞቴ ልስማ?» አለች። ድምፅዋ ሹክሹክታ ነበር፣ ግን ክርስትና እናቷም ሰምተዋል። ትንፋሿን ሰብስባ «የፊተኛውን ሰምቻለሁ» አለች። «አንተ ኑርልኝ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለችኝ። ከዚያ በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ዳቦዬን ስትበላ ወደምታዞርበት። ፀሐይ ከደጃፉ ሳትሸሽ ሚስቴ አረፈች። ማሩ ከከንፈሯ ጥግ ላይ እንዳለ ነበር፤ ክርስትና እናቷ በነጠላቸው ጠረጉት።

አሁን አርጅቻለሁ። በእርጅናዬ ለዓይኔ ሕክምና አዲስ አበባ ወርጄ ሳለ ለፈረንጁ ሐኪም ይህን ሁሉ በአስተርጓሚ ነገርኩት። የስኳር በሽታ ይባላል አለኝ። ስሙን ሲነግረኝ ቀላል ነበር፤ አንድ ቃል። ዳቦህ ደግ ዳቦ ነበር፣ ዛሬም ለእንደዚያ ያለ ሕመምተኛ እንዲህ ያለውን እንመክራለን አለኝ፤ እሷን ያጠቃት ዓይነት ግን በዳቦ የሚቆም አልነበረም። ትንፋሿ ጠጅ ጠጅ የሸተተውም ከሕመሙ የመጣ ነው፣ ወደ መጨረሻው ሲደርስ እንዲያ ያደርጋል አለ። ብዙ ካመነታሁ በኋላ በመጨረሻው ቀን አንድ ቁራሽ ብትቀምስ ምን ታመጣ ነበር ብዬ ጠየቅሁት። አስተርጓሚው ሁለት ጊዜ ደገመለት። ሐኪሙ ትከሻውን ነቀነቀ። ምንም፣ አለ። ምንም አታመጣም ነበር።

ቀብሯ ዕለት ማታ፣ ለቀስተኛው ሁሉ ተቀምጦ ሳለ፣ እህል አልቀምስም ብዬ ጥግ ይዤ ነበር። ክርስትና እናቷ እየተመረኮዙ መጡ፣ ያንኑ ሙልሙል ይዘው፤ ከእሷ ከንፈር የተመለሰውን። ቆርሰው ወደ አፌ አስጠጉት። «በሞቴ፣ ልጄ» አሉኝ።

እምቢ ማለት አልቻልኩም። አፌን ከፈትኩ። በላሁት። ጣፋጭ ነበር።